ከአባባ እጅ ሥር ያለችው ልጅ

ለውድ ወንድሜ ለቢንያም አካሉ
ጁባ

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ በየዓመቱ የሚነሣብህ ወባ ዘንድሮስ ተወት አደረገህ ወይ? ጋራዡስ ሥራ አለው? እህል ውሃ ይበላልሃል? እኛ ቸሩ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም በሕይወት አለን። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ማታ ማታ ጥርስ ያንቀጫቅጫል እንጂ ሌላ የምናማርረው ነገር የለም። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ደክሟል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። «ስለዚያ ፎቶ» ብዬ ስጀምር «ኔትወርክ ጠፋ» ትለኛለህ። የሚጠፋው ግን አንተ እንጂ ኔትወርኩ አይደለም። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋምና ወደ እናንተ ሸቀጥ በሚያመላልሰው በክብረት እጅ ልኬልሃለሁ። እባክህ ፎቶውን ከፖስታው ከማውጣትህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱን የሳሎኑ ግድግዳ ውሃ ሲያስገባ ከርሞ፣ ባለቤቴ ዱጋሳ ቀለም ሊቀባ ብሎ የተሰቀለውን ሁሉ አወረደ። የዚያ የጥር ሚካኤል ፎቶ መስታወት ውስጡ ሻግቷል። አባባ በካፖርቱ፣ እማዬ በነጠላዋ ቆመው፣ ከአባባ እጅ ሥር ደግሞ ያች ባለ ጥልፍ ቀሚስ ትንሽ ልጅ ያለችበት ነው። ታቦቱ ወደ የካ ሚካኤል ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ዞሮ አዳሪ ፎቶ አንሺ ያነሣቸው።

የአባባ አርባ ዕለት በዚህ ፎቶ የሆነውን ሁለታችንም አንረሳውም። አሳድገነው ድንኳኑ ውስጥ ሰቅለነው ነበር። ሰው እየገባ «ይህች ልጅ ማን ናት?» ሲል፣ እማዬ «የጎረቤት ልጅ ናት፣ አስቴር» ትላለች። አንተ «እኔስ የት ነበርኩ?» አልካት። «አንተ ያኔ አልተወለድክም» አለችህ። አንተ ግን የአባባን እጅ አየህ። ልጅቷ ትከሻ ላይ ያረፈው እጁ ሌባ ጣት የለውም። ያን ጣት እንጨት መሰንጠቂያው የወሰደው አንተ ዳዴ ስትል መሆኑን እሷው ስታወራልን ነው ያደግነው። «ተወልጃለሁ እንጂ! ለጎረቤት ልጅ ቦታ ነበረ፣ ለእኔ ግን አልነበረም» ብለህ ወጣህ። አልበሙ ውስጥ ታናሽህ እኔ በየገጹ አለሁ፤ አንተ ግን ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ የለህም። አባባም በሰው ፊት አቅፎህ አያውቅም። ይህን ሁሉ ደምረህ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁም ብለህ እንደሄድክ ቀረህ፤ ይኸው ስድስት ዓመት አለፈህ።

ፎቶውን ለማሳደስ ላምበረት አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ሰልማ የምትባል ልጅ ኮምፒውተር ላይ አስፍታ ሻጋታውን ስታጸዳ፣ «ይህች ልጅ አንድ ጆሮዋ ብቻ ነው እንዴ የተበሳው?» አለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀኙ ላይ ጉትቻ አለ፣ ግራው ባዶ ነው። መጀመሪያ ወድቆባት ይሆናል አልኩ። ግን ሴት ልጅን ማን ነው በአንድ ጎን ብቻ የሚበሳት? ነገሩ ከነከነኝ።

አስቴር አሁን መሪ ኮንዶሚኒየም ነው ያለችው። ታክሲ ቀያይሬ ሄድኩ። ፎቶውን ስሰጣት ሳቋ አላስቆም አላት። «ቀሚሱ የእኔ ነው፤ ልጁ ግን እኔ አይደለሁም!» አለች። አንደኛ ክፍል የገባች ዓመት፣ ሰባ ዘጠኝ ላይ፣ ለበዓል የተገዛላት ቀሚስ ነው። እናቷ አውልቀው ሲሰጡባት ደጃፍ ላይ ተንከባልላ አልቅሳለች። «ቢንያም ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?» አለችኝ፣ የማውቀውን ነገር የጠየቅኳት ይመስል። እናቷ ይህን ብትናገሪ ወዮልሽ ብለዋት ስለነበር ዝም እንዳለች ኖራለች። «ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ አለቀ።

እማዬን ስጠይቃት መጀመሪያ «የጎረቤት ልጅ ናት» አለችኝ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። አስቴር ነገረችኝ ስላት ግን መቀነቷን ስታጠባብቅ ቆይታ ተናገረች። ከአንተ በፊት ሁለት ሕፃናት እንደሞቱባት እናውቅ ነበር፤ ሁለቱም ወንዶች መሆናቸውን ግን ነግራን አታውቅም። አንተ ስትወለድ አሮጊቶቹ «ይህንን ወንድ ብለሽ አትጥሪው» አሏት። ቀሚስ አለበሰችህ፣ ቀኝ ጆሮህን በሳችህ፣ ከግቢ ውጭ ለጠየቃት ሁሉ «የጎረቤት ልጅ ናት» እያለች አሳደገችህ። ፎቶማ ጭራሽ እርም ነበር። በዚያ ጥር ሚካኤል ግን አባባ «ከልጄ ጋራ ሳልነሣ አልገባም» ብሎ መንገድ ላይ ቆመ። ፎቶ አንሺው «የማን ልጅ ናት?» ሲል እሷ እንደለመደችው መለሰች። ትምህርት ቤት ስትገባ ቀሚሱ ወለቀ፤ ቃሉ ግን እንዳለ ቀረ።

ታዲያ በአርባው ዕለት ለምን አልነገርሽውም ብዬ ጮህኩባት። «ፓስፖርቱን ይዞ መንገድ ሊወጣ ነው። ሁለት ቀብሬ እሱን ያተረፍኩበትን ነገር፣ ያ ሁሉ ዓይን ባለበት ድንኳን እንዴት ላውጣው? ይቀየመኝ፣ ብቻ ይኑርልኝ አልኩ» አለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ዛሬ እኮ ራሰ በራ ሰውዬ ሆኗል ብላት «ዓይን ዕድሜ አይጠይቅም» አለችኝ። ተናድጄባታለሁ፣ አልቅሼላታለሁም።

ስለዚህ ወንድምዓለም፣ ዘመኑን በትክክል አግኝተኸው ነበር። የሳትከው ልጁን ብቻ ነው። አባባ በሰው ፊት ያላቀፈህም የጎረቤት ልጅ ስለነበርክ ነው፤ በኋላ ደግሞ ለመደበት መሰለኝ። እኔን የማታምን ከሆነ ቀኝ ጆሮህን ዳስስ። እሾህ ወጋኝ እያልክ የምታወራላት ያች ጠባሳ የጉትቻው ቦታ ናት። ጣት የጎደለው የአባባ እጅ ያረፈው አንተ ትከሻ ላይ ነው። ጥር ሚካኤል ሩቅ አይደለምና ና፤ እማዬ ና በይው አላለችኝም፣ ይህን የምለው እኔ ነኝ።

ዱጋሳ ግድግዳው ደርቋል፣ ለአዲስ ፎቶ ቦታ አለው ብሎ ሰላም ይልሃል። ልጄ ባርኮት አጎቴ ቀሚስ ያምርበት ነበር እያለች ትስምሃለች፤ ለጓደኞቿ እንዳታሳይ ፎቶውን ቆልፌባታለሁ። አስቴር ሰላምታዬን አድርሺ፣ ቀሚሴንም ይመልስ ብላለች። እማዬ ደግሞ፣ ይህን ቅጂ ልልክልህ ስል ከጀርባው የሰዎቹን ስም አስጻፈችኝ። «አካሉ፣ ለተጊዮርጊስ፣ ልጃቸው ቢንያም» ብዬ ብዕሩን ሳስቀምጥ፣ «ወንድ ልጃቸው በይ» አለች፤ በሩ ክፍት፣ መንገደኛ እያለፈ፣ ጮክ ብላ። ጨመርኩበት። ከዚያ ተቀብላኝ እንትፍ እንትፍ ብላ መረቀችህ። ጥጉ ላይ ቀለሙ ፈዘዝ ብሎ ካየኸው የእሷ ምራቅ ነው።

እህትህ ሥርጉት አካሉ
የካ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.