ስለ ደረቀው የሬዚን ባልዲ፦ ለማሠልጠኛ ተቋሙ ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፦

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የአዲሱን ፕሮጀክተርዎን ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት የመኪና ላሜራ ስቀጠቅጥ ጆሮዬ ከመደንዘዙ በቀር ደኅና ነኝ። በኮምፖዚት ጥገና በከፍተኛ ማዕረግ ያስመረቋት ልጅ አባት ነኝ።

ምስጋናዬን ላስቀድም። የብረት ዘመን አልፎ፣ ጨርቅና ሬዚን የሚባል ሙጫ ተዋህደው፣ ኮምፖዚት ተብለው ከብረት የሚጠነክሩበት ዘመን መምጣቱን አጥርዎ ላይ ባይለጥፉልን ኖሮ፣ ልጄ ዛሬም ከጎኔ ቆማ መዶሻ ትይዝ ነበር። እጇ ደግሞ ለሥራው የተፈጠረ ነበር፤ የተጨራመተ በር በመዳፏ ዳስሳ ጉብታውን ከእኔ ቀድማ ታገኘው ነበር። ማስታወቂያዎን አምኜ መዶሻውን ከእጇ የወሰድኩት እኔው ነኝ።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው፤ ጊዜዎን እንዳልሻማብዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

1. ልጄ የካርቦን ጨርቅን ሁለት ዓመት ሙሉ በስላይድ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ እንድታየው ስላደረጉ እናመሰግናለን። እውነተኛው ጨርቅ ለጎብኚዎች በመስታወት ሣጥን መቆለፉም አግባብ ነው፤ ተማሪ ከነካው ይቆሽሻል።

2. ወርክሾፑ የተመረቀ ዕለት የቆረጡት ሪባን እጅግ ያማረ ነበር። ተማሪዎቹ በመቀስ ሲቆረጥ ያዩት ብቸኛ ጨርቅ እሱ ነው።

3. ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ የሚሠራ ፋብሪካ ልጄን ለተግባር ፈተና ጠራት። የሬዚኑንና የማጠንከሪያውን መጠን ከመጽሐፍዎ ሸምድዳ ስለነበር ጠብታ እንኳ አላዛነፈችም፤ በጥቂት በጥቂቱ እንደሚበጠበጥ የነገራት ስላልነበረ ግን ባልዲ ሙሉ በጠበጠች። ጨርቁን ቆርጣ እስክትመለስ ባልዲው ጋለ፣ ጨሰ፣ ድንጋይ ሆነ። ፈታኙ ጨዋ ሰው ነውና አልሳቀባትም፤ የት እንደተማረች ብቻ ጠየቃት። እሷም የተቋምዎን ስም እንዳታጎድፍ ብላ፣ በደንብ አስተምረዋት የረሳችው ራሷ እንደሆነች ነገረችው።

ከዚያ ወዲህ ከክፍሏ አትወጣም። ወደ ጋራዤ እንድትመለስ ብለምናት እጇን እንደማታምነው ነገረችኝ። ክቡር ዳይሬክተር፣ አዲሱን ዕቃ አላማሁትም፤ እሱም እንደ ብረቱ የለመደ እጅ ይፈልጋል። እርስዎ ያልሰጧትን ሳይሆን የነበራትን እንዴት እንደምመልስላት ቢመክሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
ልጁን በገዛ እጁ ያስረከበዎ ላሜራ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቢሮዎ ተደውሎ ለዓመታዊ ሪፖርትዎ ልጄ በሠለጠነችበት ሙያ ሥራ መያዝ አለመያዟ ተጠይቃ ነበር። አዎ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከተቋምዎ የተማረችውን በተግባር ስታውል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።