ለእታለም ወገብ ሐኪም ፍለጋ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6፤ ጧት 2 ሰዓት

ዛሬም ቀኝ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ወድቆ አገኘሁት። እታለም ሦስት እርምጃ አልፋ ሄዳለች፤ መውለቁን አላወቀችም። ከጉና ስትመለስ ከበቅሎ ከወደቀች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። መጀመሪያ ያመማት ወገቧን ነበር። አሁን ወደ እግሯ ወርዷል።

የከተማችን ሆስፒታል ሐኪም ዓርብ ዕለት ቁርጡን ነግሮናል። አከርካሪዋ ላይ ነርቭ ተጭኗል። በቀዶ ጥገና ካልተለቀቀ እግሩ ሊሰንፍ ይችላል። እዚህ የሚሠራው የለም።

ደብተሬ፣ ይህች ሴት ታላቅ እኅቴ ብቻ አይደለችም፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከጋዜጣው መ/ቤት ፈቃድ ጠይቄ የመጣሁት ለእግሯ ነው።

ጎረቤታችን መሪጌታ ወንዛዬ ፍል ውሃ ውሰዳት አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ባሕር ዳር ዶ/ር አስናቀ የሚባል የታወቀ የአከርካሪ ሐኪም አለ አሉ። ማን ነገረዎት? አልኳቸው።

«አገር ያወቀውን ትጠይቀኛለህ?» ተቆጡ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

አገርን መጠየቅ አይቻልም። መሪጌታን እንደገና ጠየቅሁ፤ የሰሙት ከሆስፒታሉ ድሬሰር፣ ቁስሏን ካጠበላት ሰው ነው። ድሬሰሩ ጋ ሄድኩ። እሱ ደግሞ የሰማው ከአውራጃው ጤና ጽ/ቤት ኃላፊ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ መቼም ሰው አያምኑም!» ብሎ ሳቀብኝ።

ሁለት ሰው ተናገረ፣ ምንጩ አንድ። በእኛ ሥራ አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

እታለም ሥራዬን ስትሰማ፣ የምትፈልገው ሐኪም ነው ወይስ ሌባ? አለችኝ። ሳቋ ወገቧን ሲይዛት አቋረጠችው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ኃላፊው ከስብሰባ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ትሑት ወጣት ነው። ማስረጃ አለ፣ ጓድ፣ ብሎ መሳቢያውን ከፈተ። የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ። ርእሱ፦ የአከርካሪ ሐኪሙ የብዙዎችን ስቃይ እያቃለለ ነው።

ጸሐፊው አልተጠቀሰም። ርእሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሐኪሙ ስም ግን ጠፍቶኝ ነበር።

ዘጋቢያችን ዜናውን በስልክ ሲያነብልኝ የአጥንት ሐኪም ነበር ያለው። ገጹ ሊዘጋ ነው። ርእሱ አጠረብኝ፤ ሁለቱን ዓምድ አልሞላም አለ። የአጥንትን አውጥቼ የአከርካሪ አደረግሁት፣ ረዘመልኝም። ዜናው ውስጥ የአንድ በሽተኛ ወገብ ተጠቅሶ ስለነበር አልከበደኝም። ማንንም አልጠየቅሁም።

አመስግኜ ወጣሁ። ለኃላፊው አልነገርኩትም። ፈራሁ መሰለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13፤ ባሕር ዳር

ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ተቀብዬ መጣሁ። አንበሳሜ ላይ ገበያ ስለነበር አውቶቡሱ እህልና በግ ሲጭን ዘገየ።

ዶ/ር አስናቀ ከቀዶ ጥገና ወጥቶ ቆሞ አነጋገረኝ። የት እንደተማረ፣ ከማን ጋር እንደሠራ ጠየቅሁት። አልተቀየመም። አጥንት ተምሯል፤ እጅና እግር ይሠራል። አከርካሪ ግን መምህሩ ሲሠሩ ሁለት ጊዜ ረድቷል እንጂ ራሱ ቢላዋ ይዞ አያውቅም። ጋዜጣው ሲወጣ ማስተካከያ ጠይቆ ጽፎ ነበር፤ መልስ አላገኘም። ሰው ከሩቅ አገር በቃሬዛ እየመጣ ወደ አዲስ አበባ ሲመልሰው ንቀት ይመስለዋል አለ።

ያን ርእስ የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩት።

«እስካሁን የት ነበሩ?» አለ። ከዚያ ወንበር ሳበልኝ።

የመምህሩን ስም ሰጠኝ። ራሱም ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ ይዤው የመጣሁትን የእታለምን ራጅ አብሮ ላከው። ሽንቷን መያዝ ካቃታት ግን ደብዳቤ አትጠብቁ፣ ወዲያው ተነሡ ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ማስተካከያውን በስሜ ጽፌ ለዋና አዘጋጁ ላክሁ። አራት መስመር። ጤና ጽ/ቤትም ሄጄ ለኃላፊው ነገርኩት። ቁራጩን ቀደደው።

አዲስ አበባ ያለ ባልደረባዬን በስልክ ይዤ ስለ መምህሩ አጣራ አልኩት። ሰው ጠይቀህ ሳይሆን መዝገቡን በዓይንህ አይተህ። ከሰዓት በኋላ ደወለ፦ ጤና ጥበቃ ሚ/ር ሄዶ አይቷል፤ ፈቃዳቸውም፣ የአከርካሪ ቀዶ ጥገና የተማሩበት ማስረጃም አለ።

ለእታለም ሁሉንም ነገርኳት። አንተም ትዋሻለህ እንዴ? አለች። ስህተት ነው አልኳት። ለተኛው ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው? ብላ ወደ ጓሮ ወጣች፣ እግሯን እየጎተተች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24

የመምህሩ መልስ ደረሰ። ራጁን አይተውታል፤ ቶሎ ቢሠራ ይሻላል ይላሉ። እስካሁን የሠሩት የዐሥራ አንድ ሰው አከርካሪ ነው። ዐሥሩ በእግራቸው ወጥተዋል። አንዲት ሴት ግን ከዚያ ወዲህ አልቆመችም። አዲስ አበባ ያለውን ቤቷን ጽፈውልናል፤ ፈቅዳለች፣ መጠየቅ ትችላላችሁ ብለዋል።

እታለም ፊደል አልቆጠረችም፤ አነበብኩላት። ሴትዮዋ ጋ ስደርስ ዘለልኩ። ሁሉም ድነዋል እንግዲህ? አለችኝ። አዎ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25፤ ጧት

ቁርስ አልበላሁም። ደብዳቤውን አምጥቼ ሙሉውን፣ ምንም ሳልዘል አነበብኩላት። ትናንት ዋሽቼሻለሁ አልኳት። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋን የሚጠቅሰውን ቦታ ድገምልኝ አለች፤ ደገምኩ።

«ያልዳነችውን የነገረኝ ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው። እናንተ ሁላችሁ የምታወሩልኝ የዳነውን ነው።»

ቆይታ ወሰነች። ቀዶ ጥገናውን ታደርጋለች። ግን መጀመሪያ ሴትዮዋን ታያለች፤ ከሷ ሳትሰማ ቢላዋ አይነካትም።

ለሐኪሙ ይህንኑ ጻፍኩላቸው። ረቡዕ ተነሥተን ከባሕር ዳር በአውሮፕላን እንሄዳለን።

አሁን ለሴትዮዋ የምትወስደውን በሶ እያስፈጨች ነው። ለሐኪሙስ? አልኳት።

ይሥራና እናያለን አለች።