በቁራኛ የተያዘው የጓሮአችን ባቡር

ለክቡር ግራዝማች ወልደ ጊዮርጊስ፣ የፈላና በር ሰፈር ዳኛ፤
ድሬዳዋ፣ ካሉበት ይድረስ።

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የድሬዳዋ ሙቀቱም፣ አቧራውም፣ ትንኙም ለክብርዎ መንገድ እየለቀቁ እንደ ሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቋጥረውኝ በሄዱበት አለሁ።

ከሁሉ በፊት በደሌን ልናዘዝ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በክሱ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ከሳሼ፣ ጎረቤታችን ባላምባራስ ሀብተወልድ፣ ምሳቸውን በልተው ከጎኔ ሲያንቀላፉ ወረቀቱ ከመቀነታቸው ሾልኮ ሊወጣ ሲታገል አየሁት፤ እኔም በትሕትና ጎተት አድርጌ አገዝኩት። ጓደኛዬ ራሺድ ፈላና በር ላይ ይለጥፈዋል፤ ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያነባል።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ላስረዳ። ባቡሩ ከጅቡቲ መጥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ የእኛን የሐረርን ተራራ ቀና ብሎ አይቶ ወደ አዲስ አበባ በመታጠፉ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ ያዝናሉ። እኔና ራሺድ ማዘን ስለማንችልበት ከተጣለ የሣጥን ማሰሪያ ብረት ጓሮአችን ውስጥ ሐዲድ ዘርግተን፣ ከጭቃ ድልድይ ሠርተን፣ በሁለት ወር ሐረር አስገባነው። ጅቡቲ የእናቴ የወይዘሮ በለጡ የልብስ ማጠቢያ ገበቴ ናት፤ ሐረር ደግሞ ከፍ ብሎ ሮማኑ ሥር ነው። ባቡሩን የራሺድ አባት ከጋዝ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው ሰጡን። ቁልቁል በራሱ ይወርዳል፤ ሽቅብ በሲባጎ እንጎትተዋለን።

ታዲያ ሐዲዱ ሲታጠፍ በባላምባራስ የጎመን መደብ በኩል አንድ ስንዝር ገባ። ባላምባራስም አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ሲወርዱ ባቡር የረገጠው መሬት ሁሉ የኩባንያው ነው ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ “ጎመኔን ለፈረንጅ ሰጠብኝ!” ብለው ከሰሱኝ። ክብርዎ ይህን ሰምተው አልሳቁም፤ ለዚህ አድናቆቴ ወሰን የለውም። “መጥቼ በዓይኔ እስካይ ሐዲዱን ማንም እንዳይነካ፤ ከተነካ ይነቀላል፤ ከሳሽና ተከሳሽም በቁራኛ ይቆዩ” ብለው ፈረዱ። የጋቢዬን ጫፍ ከባላምባራስ ኩታ ጫፍ አስቋጥረውም “ለሁለት ቀን” ወደ ድሬዳዋ ወረዱ። ዛሬ አሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ቅሬታዎች፣ ምስጋናዎች ማለቴ ነው፣ ከእግርዎ ሥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ በእርስዎ ቸርነት ስልሳ ሞላኝ። ባላምባራስ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ፤ ወገባቸውን ሲያማቸው አብሬ አጎነብሳለሁ፤ ሽንት ቤት ሲገቡ ከበር ቆሜ የወጣትነታቸውን ታሪክ አዳምጣለሁ። ታሪኩ ከጉዳዩ ይረዝማል።

፪ኛ፤ እናቴ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ እንድገዛ ብትልከኝ አብረን ሄድን። የራሺድ እናት ወይዘሮ ነሲማ ቋጠሯችንን አይተው፣ “ማሻ አላህ! እንደሻው፣ ሰርጉ መቼ ነበር? ሳትጠሩን!” ብለው ገበያውን ሁሉ አሳቁብን። ባላምባራስ በርበሬውን ሳንገዛ መለሱን፤ ማታ የተቆጣችው ግን እናቴ ናት፣ የተቆጣችውም እኔን ነው።

፫ኛ፤ ይህኛው ቀልድ የለበትም። ከትናንት ጀምሮ ሐኪም ጋራ ላይ ደመናው ጠቁሯል። ድልድዩ ጭቃ ነው። ላልብሰው ብል ሐዲዱን መንካቴ ነው፤ ከነካሁ ይነቀላል፤ ካልነካሁ ዝናቡ ይወስደዋል። ሦስት እርምጃ ርቄ ቁጭ ብዬ እንዳይ ተፈርዶብኛል። እጆቼ አልታሰሩም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

፬ኛ፤ ይህ እንኳን ቅሬታ አይደለም፤ በምሥጢር ይያዝልኝ። ትናንት ጓሮ ስንወጣ ባላምባራስ ግራ ቀኝ አይተው ባቡሩን በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ገበቴው ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

“ተመልሶ አይመጣም?” አሉኝ።

“የዳኛ ትእዛዝ አለ” አልኳቸው።

ያን ጊዜ ፊታቸውን ቢያዩት ኖሮ ከድሬዳዋ በእግርዎ ይመጡ ነበር። ግን ነጋዴዎች እንደሚሉን እርስዎ ጣቢያው በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው ባቡር ሲመጣና ሲሄድ እያዩ ይውላሉ። ደስ ይላል፣ አይደለም? እኛም ደስ ይለን ነበር።

ለፍርድዎ ዘወትር እጅ የሚነሣ፣ እጅ ለመንሣት ግን በመጀመሪያ ባላምባራስን መቀስቀስ ያለበት፣
የክብርዎ ተከሳሽ፣ እንደሻው ዘውዴ።
ሐረር፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሲመለሱ ድልድዩን ቢያጡት እኔን አይጠይቁኝ። ትእዛዝዎ ሲነበብ ዝናቡ አልነበረም፤ መጥሪያ ይላኩለት። ይኸው አንዲት ጠብታ ፊርማዬ ላይ ወደቀች፤ ሁለተኛዋ ባላምባራስ አፍንጫ ላይ። ነቁ። ወረቀቱን አዩት፤ ሰማዩን አዩት፤ ጓሮውን አዩት። ኩታቸውን አውልቀው ድልድዩን ሊያለብሱ እየሮጡ ነው፤ ቋጠሮው አልተፈታም፣ ጋቢዬም ከትከሻዬ ላይ አብሮ እየሄደ ነው፤ ትእዛዝዎን የጣሰው ከሳሽ እንደ ሆነ ይመዝገብልኝ፤ ከድልድዩ ዘንድ ሆነውም ይጣራሉ፦

“አንተ እንደሻው! ምን ተጎልተህ ትጽፋለህ! በዚያ በኩል ያዝልኝ እንጂ፣ ድልድያችን ሊሄድ ነው!”