ያልከፈትኩት በር

ታኅሣሥ 4፣ 2016
ሁለት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ አስተማርኩ። ከዚያ እርማት። ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ሰማሁ። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት የተላከችው መንኮራኩር፣ ቮያጀር፣ ትርጉም የሌለው ነገር እየላከች ነው አሉ። ሃያ አራት ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ! መሐንዲሶቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ብቻዬን ሳቅኩ። ከአምቦ ካቺሲ ስንት ነው? የወንድሜ የጉታ ስልክ ካልሠራ አምስት ወር አለፈው።

ካቺሲ ጤና ጣቢያ ሥራ አገኘሁ ሲለኝ ጮህኩበት። "ጦርነት ወዳለበት? ከሄድክ ደጄን እንዳትረግጥ!" ለምን እንደዚያ አልኩት?

ጥር 16
ደወልኩ። ኔትወርክ የለም።

የካቲት 21
የዕድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ገቢሳ መንገድ ላይ አገኙኝ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስለ ጉታ የሰማሽው አለ?" የለም አልኩ። አንገታቸውን ደፉ። ለምን ደፉ? የሚያውቁት ነገር አለ? ከሰዓት ክፍል ገብቼ የጀመርኩት ስሌት ጠፋኝ...

ሚያዝያ 3
ንጋት ላይ በር ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ኦቦ ገቢሳ፣ ባለቤታቸው፣ አንድ የማላውቀው ሰው። ሁሉም ተከናንበዋል። በዚህ ሰዓት ሦስት ሆኖ የሚመጣ መርዶ ነው፤ ማን አያውቅም? መብራቱን አጠፋሁ። ትራስ ጆሮዬ ላይ። ካልሰማሁ አልሞተም... ብዙ አንኳኩ። ሄዱ። ሥራ አልገባሁም።

ሚያዝያ 4
ኦቦ ገቢሳ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ተቆጥተዋል። "መርዶ ቢሆን እንደዚያ በር እንደበድባለን? ልጁ አለ! እግሩን ተመትቶ ነበር፣ ተርፏል።"

ትናንት አብሯቸው የነበረው ሰው ኢፋ ነው፣ የአይሱዙ ሾፌር። የጉታን ቃል ይዞ ከካቺሲ መጥቶ ኖሯል። "እህቴን 'ልምጣ ወይ?' በላት፤ መልሷን ይዘህልኝ ና።" ማልዶ ስለሚመለስ ነው በንጋት ያመጡት። መብራቱ ሲጠፋ አይቶ ሄዷል።
"ምን ብሎ ይነግረዋል?" አልኳቸው።
"ያየውን ነዋ።"
አለ! በሕይወት አለ... ግን ምን ነካኝ?

ሚያዝያ 15
መንገዱ ተዘግቷል። ኢፋም አልተመለሰም። ቮያጀር ግን በትክክል መናገር ጀመረች። መልእክት ልኮ መልሱን ለመስማት አርባ አምስት ሰዓት ይፈጃል አልኳቸው ለተማሪዎቼ። "ውይ፣ ብዙ ነው!" አሉ። ለእኔ አጭር መሰለኝ። በብረት ቀናሁ። ሰው እዚያ ድረስ መነጋገር ችሎ እዚህ መገዳደሉን አልተወም።

ግንቦት 9
የጉታ ስልክ ጠራ! "ሃሎ" አለ። ድምፁ ቀጥኗል።
"ዶርቃስ ነኝ።"
"መብራቱን አጠፋችው አለኝ ኢፋ። እሺ አልኩ።"
"መርዶ መስሎኝ ነው።"
"የማን?"
"ያንተ ነዋ!"
መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ለካ እያለቀሰ ነው። አባታችን ሲሞት እንኳ ያላለቀሰ ልጅ።
"እኔ እኮ ደጄን አትርገጥ እንዳልሽ ጸንተሽ ነው ብዬ..."
እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። ስታፍ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።
በክራንች ነው የምሄደው፣ መኪና ላይ መውጣት ይከብደኛል አለ። እንግዲያው መንገዱ ሲከፈት እኔው እሄዳለሁ። ካቺሲ።