ዛሬ ማታ ዜናውን ልይ ወይስ ልለፈው

ውዴ ሰይድ፣

አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን ሊገባ ነው። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ የጎደለው ሰው ነው። የጨርቅ ሱቅህን ልጅህ ሐያት ይዛዋለች፤ ብትን ጨርቅ ስትለካ ክንዷን እንዳንተ ትዘረጋለች። የሐይቁ ነፋስ ዲሹን ባዞረው ቁጥር ጣሪያ ላይ የምትወጣውም እሷ ናት። እኔ ከታች ሆኜ «መጣ! አይ፣ ሄደ!» እላለሁ።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሪሞቱን ይዘህ የምሽቱን ነገር ትወስንልን ነበር። ኳስ ካለ ኳስ ይታያል። የትርጉም ድራማው ሲመጣ «ይህች ሴትዮ ዛሬም ልታለቅስ ነው» እያልህ ትቀልዳለህ፣ ግን ከእኔ ብሰህ ታየዋለህ። ዜና ግን አይታይም። ልጃችን አንዋር በመተማ በኩል ተሰዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ፣ የዜናው ሙዚቃ ገና ሲጀምር «ይህ ይለፈን» ብለህ ትቀይረው ነበር። አንድ ምሽት ባሕር ላይ የተገለበጠ ጀልባ አሳይተው እራትህን ሳትነካ ተነሥተሃል። ምክንያቱን ጠይቄህ አላውቅም። ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ?

አንተ ከሄድህ በኋላ ሪሞቱ እኔ እጅ ገባ። ድራማውን ትቼ ዜና ማየት ጀመርሁ። የሚሉትን አልሰማም፤ ፊት ብቻ ነው የምፈልገው።

ባለፈው ክረምት ከስደት የተመለሱ ልጆች አዲስ አበባ ላይ ከአውሮፕላን ሲወርዱ አሳዩ። አንዱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ደረጃውን ይወርዳል። «አንዋር!» ብዬ ጮህሁ። ሐያት ከጓዳ ሮጣ እስክትደርስ አልፏል።

«እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

ነኝ አልኋት። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርን።

አዲስ አበባ አድረን፣ ተመላሾቹ ያረፉበት ግቢ በር ላይ የአንዋርን ፎቶ ይዘን ስንለምን ዋልን። አመሻሽ ላይ አንድ ጥበቃ አዘነልንና ፎቶውን አይቶ አንድ ልጅ ጠርቶ አመጣልን። በቴሌቪዥን ያየሁት ልጅ ነው፤ አንገቱም ያው ነው። የእኛ ልጅ ግን አልነበረም፣ ሰይዴ።

ልጁ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ቆየና፣ «እማማ፣ ስልክ ይኖርዎታል? እናቴ መምጣቴን አልሰማችም» አለኝ። ሰጠሁት። ቁጥሯን በቃሉ ያውቀዋል። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ሲል ሴትየዋ ከወዲያ እልል ስትል እኔ ድረስ ተሰማኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነልኝም። ስልኬን ተቀብዬ አጥሩ ሥር ቁጭ አልሁ፤ ሐያት ደግፋ ነው ያነሣችኝ።

ከዚያ ወዲህ ተስፋ የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም። ዛሬ ሐያት፣ «እማዬ፣ ማታ የአባዬ ቡድን ይጫወታል። እሱን እንይና ዜናውን እንለፈው» አለችኝ። እሺ አልኋት። ኳሱን አብሬያት አያለሁ። ዜናው ሲመጣ ግን እንደማላልፈው እሷም ታውቃለች። እንደማላገኘው እያወቅሁ አያለሁ። ዓይኔን ምን ላድርገው?

አንተን አልረሳህም። ሰግጄ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ ዱዓ ሳደርግ ያንተ ቦታ የታወቀ ነው፤ ከሟቾቻችን ጋር ጠርቼ «አላህ ይማርህ» እልሃለሁ። አንዋር ላይ ስደርስ ነው የምቆመው። ከሞቱት ጋር ልጥራው ወይስ «በሰላም መልሰው» ልበል? አላውቅም። ስሙን ብቻ ጠርቼ እጄን ፊቴ ላይ አሳርፋለሁ። አጠገብህ እስካርፍ ድረስ ሁለታችሁንም እንዲሁ እጠራችኋለሁ።

ባለቤትህ ዘይነባ