የፋይበር መስመር ጠባቂው የአቶ ባምላክ ደሴ የሕይወት ጉዞ

አቶ ባምላክ ደሴ ከአባታቸው ከአቶ ደሴ እንግዳው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸጋ ምህረቴ ጥቅምት 12 ቀን 1964 ዓ.ም. በአዊ ምድር፣ ጥርባ አካባቢ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ ታላቃቸው አቶ ይኸነው ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ያደጉ፣ አንዱ ሲገረፍ ሌላው የሚያለቅስ ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አንደኛ ደረጃን በቆሰበር፣ ሁለተኛ ደረጃን በዳንግላ ተከታተሉ። ቤት ውስጥ የሚነገረው አውንጊ ስለነበር አማርኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ነው፤ ኋላ ግን በሁለቱም ቋንቋ ሲቀልዱ በሳቅ ይፈጁን ነበር።

በ1985 ዓ.ም. በቀን ሠራተኝነት የስልክ ምሰሶ በማቆም ሥራ ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዋጋዬ ደርበው ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። የፋይበር መስመር ወደ ዞናችን ሲመጣ ቦይ ከሚቆፍሩት አንዱ ሆነው ገቡ፤ ኬብል መዘርጋትንና የተቆረጠውን መቀጠልን ተማሩ፤ በመጨረሻም ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለውን መስመር እንዲጠብቁ ተመደቡ። መስመሩን የሚቃኙት በፈረስ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ ቀን ደግሞ በየመንገዱ ቆመው «እባካችሁ ከምልክቱ ድንጋይ አጠገብ አትቆፍሩ» ይሉ ነበር። ገበሬውም የተቀበረውን ኬብል እባብ አድርጎ «ባምላክ እባቡን ሊጠይቅ መጣ» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚህ መስመር የመጣው መከራ ከሩቅ ሰው አልመጣም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. አቶ ይኸነው የደከረንስ ዛፋቸውን ቆርጠው ለከሰል ከመሩ። ክምሩ አፈር መልበስ አለበትና የሚዛቅ አፈር ሲፈልጉ የማሳቸውን ጠርዝ ልል ሆኖ አገኙት። ልል የሆነው ተቆፍሮ የተደፈነ የኬብል ቦይ ስለነበር ነው፤ ምልክቱን ደግሞ ከብት ገፍቶ ጥሎታል። አፈሩን ከዚያው ዝቀው ክምሩን አለበሱና እሳት ለቀቁበት። ከክምሩ ጎን ተራቁቶ የቀረው ኬብል በእሳቱ ቀለጠ፤ እንጅባራም ባንክ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ሁሉም ኔትወርክ አጣ።

አቶ ባምላክ የተበላሸውን ቦታ ፈልገው ሲደርሱ የሚጨሰው የወንድማቸው ከሰል ሆኖ ቆያቸው። ፖሊስ «ይህ ክምር የማን ነው?» ሲላቸው መዋሸት አልሆነላቸውም፤ «የወንድሜ ነው» አሉ። አቶ ይኸነው ታሰሩ። በተፈቱ ጊዜም በገበያ መካከል ቆመው «ቀብሩ ላይ ብቆም ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ! እሱም ቀብሬ ላይ እንዳይቆም!» ብለው ማሉ።

ለእኛ አገር ሰው ከዚህ የከፋ መሐላ የለም። ሠርግ ቢቀር በይቅርታ ይታለፋል፤ የወንድም ቀብር ላይ አለመቆም ግን ዝምድናን አብሮ መቅበር ነው። እናታቸው ወ/ሮ ሸጋ እንቅልፍ አጡ። ጭንቃቸው ይህ ብቻ ነበር፤ አንዱ ልጃቸው ሲሞት ሌላው እንደ ባዳ በሩን ዘግቶ ሊቀመጥ ነው። ሽማግሌ ቢላክ፣ ቄስ ቢላክ አቶ ይኸነው እምቢ አሉ። አቶ ባምላክም «እውነት ተናገርሁ እንጂ ምን በደልሁት?» ብለው አኮረፉ። ግትርነት በቤታችን የዘር ነውና ዓመታት በከንቱ አለፉ።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ አቶ ባምላክ በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። ተኝተውም «መስመሩን ማን አየው?» ይሉ ነበር። በጥቅምት ወር ለመንገድ ሥራ የመጣ መቆፈሪያ ማሽን የአቶ ይኸነውን ማሳ ጠርዝ ሊዝቅ ሲል አቶ ይኸነው ዘንጋቸውን ይዘው ከፊቱ ቆሙ። ነጂው «አባቴ ዞር ይበሉ፣ ታዝዤ ነው» ቢላቸው፣ «ከዚህ ሥር የወንድሜ ኬብል አለ! ባምላክ ታሞ ተኝቷል፤ እሱ እስኪነሣ ጠባቂው እኔ ነኝ። ከፈለግህ እኔን ዝቀህ እለፍ!» አሉት። ማሽኑም ተመለሰ።

ወሬው በስልክ ሲደርስ አቶ ባምላክ አለቀሱም፣ ሳቁም። በማግሥቱ አቶ ይኸነው ሽማግሌ አስከትለው፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው ከደጅ ደረሱ። ታላቅ ለታናሹ ድንጋይ ሲሸከም ማን አየ! አቶ ባምላክ ካልጋቸው ወርደው «ኧረ አያ ይኸነው፣ ጣለው! ታናሽህ እኔ ነኝ» ብለው ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ዝም በል!» አሉ አቶ ይኸነው። በእርቁም ላይ ሲጨቃጨቁ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ድንጋዩን ሁለቱ ተጋግዘው አወረዱት። የንስሐ አባታቸውም አቶ ይኸነውን ስግደት አዝዘው ከመሐላቸው ፈቷቸው። እፎይ አልን! ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛውን ሲያገላብጡና ሲያጎርሱ የሰነበቱት አቶ ይኸነው ናቸው።

አቶ ባምላክ በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው፣ ራሳቸውን በወንድማቸው ክንድ ላይ እንዳሳረፉ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዋጋዬን፣ ልጆቻቸውን እመቤትን፣ እንግዳውንና ምሕረትን፣ አሁን ከአስከሬኑ ራስጌ የቆሙትን ወንድማቸውን አቶ ይኸነውን እና እናታቸውን ወ/ሮ ሸጋን ትተው ሄደዋል።

ትናንት ለቅሶ ደራሹ ሊያጽናናቸው ሲከባቸው እናታቸው ወ/ሮ ሸጋ እንዲህ አሉ፦ «በቁማቸው ሁለቱም ሞተውብኝ ነበር። ተመስገን፣ ነገ የምቀብረው አንዱን ብቻ ነው።»

ቸሩ አምላክ የአገልጋዩን የባምላክን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለቀረነውም ሳንለያይ የምንኖርበትን ዕድሜ ይስጠን። አሜን።