ከአማካሪዋ በር የተነሣው የባለቤቴ ቀይ ቦት ጫማ

ለተከበሩት የማዘጋጃ ቤታችን የትምህርት ኃላፊ፣ ለአቶ ኢንግቫል፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ አዲሱ ወንበርዎ ከደረሰ ወዲህ ወገብዎ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከአንድ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ያደግሁት ዓሣ ሲገባ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ዘመን ስለሆነ ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴም ለክብርዎ ብዬ ነው። ቢሮዎ ስደውል አንዲት ጨዋ ልጅ፣ «አባባ፣ ቅሬታ በስልክ አንቀበልም፤ ደግሞስ ከየትኛው ደሴት ነው ያሉኝ?» አለችኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቶርዲስ የሥራ እድገት ምስጋናዬን ይቀበሉ። ይህች ሴት ወደ ደሴታችን ስትመጣ የስፖርት መምህርት ነበረች። ልጆቹ ኳሱን ትተው ጭንቀታቸውን ይዘውላት ቢመጡ ጊዜ፣ እንግዲያው ሥራውን በወጉ ልማረው ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ከተማ ተመላለሰች። ማዕበል መርከቡን ሲያስቀረው የማሻግራት እኔ ነበርኩ፤ በአንድ እጇ መጽሐፍ፣ በሌላው የምታስመልስበትን ባልዲ ይዛ። እንዲህ ተምራ የትምህርት ቤት አማካሪ ሆነች። ጎበዝነቷን እርስዎም ደረሱበትና፣ ሽልማቷ ከልጆቹ መራቅ ሆነ፤ ዛሬ ከተማ፣ ፎቅ ላይ፣ የአማካሪዎች አስተባባሪ ናት። በእኛ በኩል የሚያስተባብሩት አማካሪ ግን አልቀረም። እኛም ዓሣችንን የምናደርገው እንዲሁ ነው፤ ምርጡ ደርቆ ጣሊያን ይሄዳል፣ ለመንደሩ ሽታው ይቀራል። ለዓሣ መልካም ንግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ በሩ። በትምህርት ቤታችን ማንም ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ነው የሚገባው። ደሴት ላይ ደግሞ ሰው በጫማው ይታወቃል። የማን ልጅ አማካሪዋ ዘንድ እንደገባ ምሳ ሳይደርስ ሱቅ ውስጥ ይወራል፤ ስለ እኔዋም «የኦድቫር የልጅ ልጅ ዛሬም ገብታለች አሉ፤ ምን ነክቷት ይሆን?» እየተባለ። ቶርዲስ ይህን ስታይ ከየቤቱ አሮጌ ጫማ ለመነችና በሯ ላይ ከመረችው። ከዚያ ወዲያ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። ባለቤቴ ቦርግሂልድ ባለፈው መኸር ስትሞት ማበጠሪያዋን እንኳ ከቦታው ያላስነሣሁ ሰውዬ፣ ቀዩን ቦት ጫማዋን በገዛ እጄ ወስጄ እዚያ ክምር ላይ አኖርኩ። የእርስዎ ሰዎች የቶርዲስን ክፍል ለፎቶ ኮፒ ማሽን ሲሰጡ ጫማውን በላስቲክ ከረጢት አድርገው «ባለቤት ያልተገኘለት ዕቃ» ብለው ቤቴ ድረስ ላኩልኝ። ለትጋታቸው አመሰግናለሁ። ባለቤትስ በእርግጥም የለውም።

ሦስተኛው እንቅልፍ የነሣኝ ነው። አባቷ ባሕር ላይ ነዳጅ ቆፋሪ ስለሆነ የልጅ ልጄን ሲኔቫን ያሳደግናት እኔና ቦርግሂልድ ነን። ደሴታችን ላይ ከፍ ያለ ትምህርት ስለሌለ ልጅ አሥራ ስድስት ሲሞላው ከተማ ክፍል ተከራይቶ ይሄዳል፤ ምን እንደሚማር ደግሞ ማርች ሳይገባ መምረጥ አለበት። ዘንድሮ ተራው የሷ ነው፤ እኔ ስጠይቃት «አያቴ፣ ዓሣህ እየበረደ ነው» ትለኛለች። ለቶርዲስ ግን ነግራታለች። ምን እንደነገረቻት ቶርዲስን ሱቅ ውስጥ ብጠይቃት፣ «ኦድቫር፣ እሱን ከራሷ ትሰማለህ፤ እኔ የምከፈለው በር ለመዝጋት ነው» አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ያን ሌሊት ግን ጥሩ ተኛሁ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ያውቃል ብዬ።

ያ ከረጢት የመጣ ዕለት የከፈተችው ሲኔቫ ናት። ጫማውን አውጥታ ቦርግሂልድ ታስቀምጠው ከነበረበት ከምድጃው አጠገብ አኖረችና፣ «እኔ የትም አልሄድም። አንተን ማን ያይሃል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤትም አልሄደችም፤ ወጥ ትሠራለች፣ ካልሲዬን ትጠግናለች። በቶርዲስ ፈንታ የሰጡንን የኮምፒውተር አማካሪም አልነካችውም። እኔ ግን ሞክሬዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ብሆን እንደሚያዋጣኝ ነግሮኛል፤ ስለ አሳቢነቱ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ለባሕርም ለመንግሥትም አንገቴን ደፍቼ አላውቅም። አሁን ደፍቻለሁ፤ ይዩኝ። ብቻዬን መቅረት እችላለሁ፤ ልጅቷ በእኔ ምክንያት መቅረት የለባትም። ይህን እኔ ብነግራት መልሱ «ዓሣህ እየበረደ ነው» ነው። ከሌላ ሰው አፍ፣ በሩ ተዘግቶ መስማት አለባት። ማርች ሳይገባ ቶርዲስን ለአንድ ቀን ያውሱን። መርከብ አያስፈልግም፣ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ባልዲውም አለ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎት፣ ሰላምዎም በማንም ልጅ ልቅሶ እንዳይታወክ ከልብ የምመኝልዎት፣

ኦድቫር፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የሲኔቫ አያት

ማሳሰቢያ፦ ቀዩን ቦት ጫማ በፖስታ ልኬልዎታለሁ። ውሰት ነው፣ ቶርዲስ ስትመጣ ይዛው ትምጣ። እስከዚያው በቢሮዎ በር ላይ ያስቀምጡት፤ የሚያልፍ ሰው፣ ውስጥ አንድ ሰው እየተደመጠ ያለ ይመስለዋል።